ባሕር የማይደርሰው ሮቢ

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት ኔትወርክ ፍለጋ ነው። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበትና በባሕር ዳርቻ ስላለው የውሃ ብክለት የሚያጠኑ የውጭ አገር ተመራማሪዎች በኢንተርኔት ገለጻ ያቀርባሉ። እኔም የቀወት ወረዳ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝና ስለ ሮቢ ወንዝ እንድናገር ፈቅደውልኝ ነበር። ከሽንኩርት ማሳዎቹ በታች ዓሣ ሞቶ ሲንሳፈፍ አይተናል፤ ውሃውን የሚመረምርልን ግን አጥተናል። የገለጻው ሰዓት ሊደርስ ሲል የከተማው ኢንተርኔት ተቋረጠ። ዕድሉ እንዲያመልጠኝ አልፈለግሁም፤ ኔትወርክ እስካገኝ ብዬ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሽቅብ ወደ ደብረ ሲና

አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ሰይድ ሽንኩርት አምራች ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ዘመድ ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። የምሄድበትን ምክንያት ነገርኳቸው።

«የባሕር ሰዎችን የኛ ወንዝ ምን አገባቸው?» አሉኝ።

«እነሱም አገር የተባይ መድኃኒት ይረጫል፤ ወንዝ ይዞት ይወርዳል። እንዴት እንደሚመረመር ያውቃሉ።»

«መድኃኒቱ ከተከለከለ ትሉ ማሳዬን ይጨርሰዋል፣ ልጄ።»

«ላስከለክል አይደለም ጋሼ። ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ እንወቅ ነው የምለው።»

ደብረ ሲና ላይ በመስኮት ቆሎ ገዝተው አካፈሉኝ። እዚያም ኔትወርክ የለም።

ጣርማ በር

የመኪና መንገዱ የሚያልፍበት የተራራ ዋሻ አፍ ላይ ስንደርስ ስልኬ ሠራ። ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ሹፌሩን አስቁሜ ወረድኩ። ጋሼ ሰይድም ተከትለውኝ ወረዱ። «በዚህ ጉም ብቻሽን አትቀሪም» አሉ። ድንች የምትሸጥ ሴት ከላስቲክ ዳሷ ሥር አስጠጋችን።

ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው፣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ድምፄን ከፍ እያደረግሁ ተናገርኩ። ስጨርስ አንዲት ተመራማሪ ወንዛችሁ ባሕር የሚገባው የት ነው ስትል ጠየቀችኝ።

«አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም አፋር በረሃ ውስጥ ሐይቅ ሆኖ ይቀራል። ባሕር አይደርስም» አልኳት።

«ገበሬዎቹስ ምን ይላሉ?»

ለጋሼ ሰይድ ተረጎምኩላቸው። ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

«የምረጨው እኔ ነኝ። ከብቶቼም የሚጠጡት ከዚያው ነው። ወላሂ፣ እውነቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ቃላቸውን ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ተመራማሪዋ የውሃ ናሙና ብንልክ ልታስመረምርልን ቃል ገባች።

መልስ

ጋሼ ሰይድ መንገዳቸውን ትተው አብረውኝ ተመለሱ። ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ መጣ። በማግስቱ ከማሳቸው በላይና በታች ውሃ ቀድተን ላክን።

ውጤቱ ገና አልመጣም። ስነሳ ሩቅ ያሉት ካልረዱን አይሆንም ብዬ ነበር፤ ጎረቤት ካልተናገረ እነሱም እንደማይሰሙን ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው። ትናንት ወንዙ ዳር ሳልፍ ጋሼ ሰይድ የመድኃኒት መርጫቸውን ከውሃው ርቀው ያጥቡ ነበር፤ አጠገባቸው ሌሎች ሁለት ገበሬዎች የየራሳቸውን መርጫ ይዘው ተራ ይጠብቁ ነበር።