ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ዳጉሳ

አማቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከዋግ በሰፈራ ወደ ወለጋ ተወስደው ሰባት ዓመት ኖረው፣ አሁን ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ እኛ ጋ ላፍቶ ለአንድ ሳምንት አረፍ አሉ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ለሥራ የመጣው ከድርቁ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እናቱን አላያቸውም። ሠርጋችን ላይም አልነበሩም። እኔ የከተማ ልጅ፣ ሳይመርቁኝ የገባሁ ምራት፣ እንዴት እንደፈራኋቸው እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

ጭራሽ አይበሉም። ዶሮ ብሠራ ሁለት ጉርሻ፣ ምስር ብሠራ ሁለት ጉርሻ፤ ከዚያ ጠገብኩ ልጄ፣ እጅሽን ይባርከው ብለው ይታጠባሉ። ባለቤቴ ምንም አይለኝም፣ ግን የተረፈውን ያያል። እኔ ደግሞ ነገር ሆዴ ውስጥ አይቆይልኝም፤ ምን በድያቸው ነው እያልኩ እሱን ስነዘንዘው ሰነበትኩ። ማክሰኞ ይሄዳሉ። አንድ ቀን እንኳን ቤቴ ጠግበው ሳይበሉ ከሄዱ፣ በቃ፣ ምራት ብለው አልተቀበሉኝም ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ሀና ማርያም ሊሳለሙ ወጡ። ማድ ቤት ስገባ ከምድጃው በላይ፣ ጭሱ የሚያልፍበት ቦታ፣ አንድ የጠቆረ የጨርቅ ቋጠሮ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የመጡ ዕለት ራሳቸው የሰቀሉት ነው። እኔ እንግዲህ ምን ላስብ? ማድ ቤት የተቀመጠ ነገር ሊበላ ነው፤ የገጠር እንግዳ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ፈታሁት። ከጎመን ዘር እምብዛም የማይተልቅ፣ ቀላ ያለ ጥሬ ነው። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ከጎጃም ለመጣችው ጎረቤቴ ይዤላት ብሄድ ሳቀችብኝ። ዳጉሳ ነው፣ እንጀራም ገንፎም ጠላም ይሆናል አለችኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ የአገራቸውን እህል ላበላቸው ነው።

አወይ የደረሰብኝ። ሳጥበው በወንፊቱ ቀዳዳ እየሾለከ ግማሹ ሊፈስ ነበር። ስቆላው እየፈነዳ ፊቴ ላይ ይዘላል። ወፍጮ ቤት እንዳልወስደው ኪሎ አይሞላም፣ በሙቀጫ ስወቅጠው ክንዴ ዛለ። የፈላው ውኃ ላይ ስጨምረው ደግሞ ጠቆረ፤ እኔ ልሙት፣ አሳረርኩት ብዬ ክው አልኩ። ስቀምሰው ግን መጀመሪያ አፈር አፈር ይላል፣ ቆይቶ ይጣፍጣል። መሃሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤና በርበሬውን አፈሰስኩበት። እንዳያንሳቸው ብዬ አንዲት ፍሬ አላስተረፍኩም።

ለምሳ ባለቤቴም መጣ፣ ሦስታችን ከበን ተቀመጥን። አማቴ አንድ ጊዜ ጎረሱና ቀና አሉ። እዚህ ከተማ ዳጉሳ ከየት አገኘሽ አሉኝ። ደስ ያላቸው መስሎኝ እየሳቅኩ፣ «እርስዎ ያመጡልን ነዋ» አልኳቸው።

ዞር ብለው በበሩ በኩል ማድ ቤቱን አዩ። ሚስማሩ ባዶ ነው። ቢቆጡኝ በተሻለኝ፤ ፊታቸው ላይ ቁጣም የለ፣ ምንም የለ። ቀስ ብለው ነገሩን። ዘር ነው። በእሳቸው አገር ዘር ከምድጃ በላይ ይሰቀላል፣ አይጥና እርጥበት እንዳያገኘው። ነገ ይዘውት ሄደው ጠፍ የሆነ መሬታቸው ላይ ሊዘሩት ነበር። ከድርቁ ጀምሮ ሰው አላስነኩትም።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እንባዬ ቀደመኝ፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ተነሳሁ። ባለቤቴ ግን እኔን አላየኝም፤ እናቱን ነው የሚያየው። ታናሽ እህቱ የሞተችው በዚያ ድርቅ በረሃብ ነው። ያኔ ቤት ውስጥ አንዲት ፍሬ እንዳልነበረ ነበር የተነገረው፤ ለኔም የነገረኝ እንደዚያ ነው።

«እህል ነበረን?» አላቸው።

«እህል አልነበረንም» አሉት። «ዘር ነበረን።»

ባለቤቴ እጁን ሰብስቦ ከገበታው ተነሳ። አማቴ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ፤ ቀና ሳይሉ እስኪያልቅ ድረስ በሉት።