ደረቱ ሥር የነበረው ፎጣ

ይህን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም። ሃያ ዓመት የሌላውን ሰው ጥፋት ስጽፍ የኖርኩ ጋዜጠኛ ነኝ፤ የራሴን ግን አንድም ቀን አልጻፍኩም። አሁን ራሴን መስማት ሰልችቶኛል።

ልጃችን ስድስት ወር አልፎት ገና አይገለበጥም ነበር። የምንኖረው ካዛንቺስ ነው። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስንውል ልጁን የምትይዘው፣ ለክትባትም የምትወስደው ብዙነሽ የምትባል ሞግዚት ነበረች።

አንድ ቀን ከጋዜጣዊ መግለጫ በጊዜ ተመለስኩ። ልጁ ሳሎን ወለል ላይ በሆዱ ተኝቶ ያለቅሳል። ብዙነሽም ፊት ለፊቱ በሆዷ ተኝታ ጣሳ በማንኪያ ትመታለች።

“ና የኔ ጌታ! ቀና በል፣ ና ያዘው!”

“ልጄን መሬት ላይ ደፍተሽ ትጫወቻለሽ?” አልኩ።

“ጋሼ፣ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ እኮ…”

“ዝም በይ!”

ባለሥልጣን ሲዋሸኝ እንኳ አስጨርሼ የምሰማ ሰው፣ እሷን አንድ ዓረፍተ ነገር አላስጨረስኳትም። ያኔውኑ አሰናበትኳት። ያመጣት ደላላ ደውሎ ምን እንዳጠፋች ሲጠይቀኝ “ልጅ መሬት ላይ ጥላ የምትጫወት ናት” አልኩት። ጥላዋለች? አልጣለችውም። እኔ ግን እንዲያ አልኩ።

በሳምንቱ ከክትባት ካርዱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። በእስክሪብቶ የተሳለ ሕፃን፣ በሆዱ የተኛ፣ ደረቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ያለው። ከሥሩ ነርሷ ጽፋለች፦ ነቅቶ ሳለ፣ አጠገቡ ሆናችሁ፣ ለአጭር አጭር ጊዜ፤ ከፊቱ በሚጮህ ነገር አጫውቱት፤ ጀርባውንና እግሩን በቀስታ አሹት፤ ሲደክመው አንሱት። ፎጣውን እኮ አይቼው ነበር! ደረቱ ሥር ነበር። ለምን እንደሆነ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል?

ያኔ ለደላላው መደወል ነበረብኝ። ምን አደረግኩ? ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ እኔው ወለሉ ላይ ተኛሁ። ጣሳውን እኔ መታሁ። እግሩን እኔ አሸሁ። ልጁ ሲገለበጥ ባለቤቴ “አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?” አለችኝ። ምስጋናውን ዋጥኩት። በስም ላይ ለተሳሳተች አንዲት ፊደል በጋዜጣ እርማት ያወጣሁ ሰው፣ የብዙነሽን ስም አጥፍቼ ለደላላው መደወል አቃተኝ። ይሄ ምን የሚሉት ጋዜጠኝነት ነው?

ሦስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ሳምንት ባምቢስ አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ “ጋሼ!” ሲሉኝ ዞርኩ። ብዙነሽ ናት።

“ልጁስ? በእግሩ ሄደ?”

“አሁንማ ይሮጣል።”

“እሰይ! ያንን ጨዋታ ማን ያጫውተው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነበር እኮ።”

የት እንደምትሠራ ጠየቅኳት።

“ልብስ አጥባለሁ። በቃ፣ ልጅ አምኖ የሚሰጠኝ ጠፋ። ምን አድርጌ እንደሆነ እንጃ” አለችና ሳቀች።

ምን እንዳደረገች የሚያውቀው ሰው ፊቷ ቆሟል። አፌን ከፈትኩ። “አይዞሽ” አልኳት። አይዞሽ!

ዛሬ ለደላላው ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። “አሁን የት አገኛታለሁ ጋሼ?” አለኝ። ደንግጬ ነው አልልም፤ የመጀመሪያ ልጄ ስለሆነ ነው አልልም። አንባቢዬ፣ አንተ ይቅር ብትለኝስ ለእሷ ምን ይረባታል? ይቅርታውን የምትሰጠውም የምትነፍገውም እሷ ናት። ዕድሜዬን የሰው ስልክ ቁጥር ስሰበስብ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ባምቢስ የእሷን ሳልጠይቅ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።