ስድስት ቀን በአያ ሰውአገኝ አቆጣጠር

አያ ሰውአገኝ እየሄደ የሚያልም ሰው ነው። ከደባርቅ ወደ ላይ በቅሎ ሲጭን ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። መንገዱን እግሩ ስለሚያውቀው ዓይኑ ሌላ አገር ይውላል። ጠዋት ጠዋት ደመናው ከገደሉ ሥር እንደ ተነደፈ ጥጥ ተኝቶ ሲያይ፣ በቅሎዎቹን እየነዳ በላዩ የሚሻገር ይመስለዋል። የጭነት ጓደኛው በላቸው ከኋላ ሆኖ፦

"አያ፣ ዛሬስ የት ደረስህ?" ይለዋል።

"ዝም በል፣ መሀል ባሕር ላይ ነኝ።"

"ምነው ብቻህን? እኔንም አሻግረኝ እንጂ!"

እንዲህ እየተባባሉ ዳገቱ ያልቃል።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ ጭላ አምባ የሚባለውን ቀበሌ በረዶ መታው። ገብሱ ገና እሸት ሳለ ከጭቃው ጋር አንድ ሆነ። በዚያው ሰሞን ተራራው ተንዶ የማኪናውን መንገድ ይዞት ወረደ። የእርዳታ ስንዴ ከጎንደር በማኪና ይመጣና ከተናደው ቦታ ይቆማል። ከዚያ በላይ ያለውን ዳገት የሚያወጣው ጠፋ። ከዳገቱ አናት ላይ የአያ ሰውአገኝ እህት ታየች አለች። ስልክ ባገኘች ቁጥር "ደህና ነን" ትለዋለች። ድምጿ ግን ከሳምንት ሳምንት እየቀጠነ መጣ።

የወንድሙ ልጅ ጽጌሬዳ ጎንደር ውስጥ ከመንግሥት ቢሮዎች አጥር ሥር ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። የጨረታ ሰነድ ስትገለብጥ ስለምትውል፣ ማን እንደሚያሸንፍና ማን በምን እንደሚወድቅ ታውቃለች። አንድ ቀን ደወለችለት።

"አያ፣ መንግሥት ለጭላ አምባ የበቅሎ ጨረታ አወጣ!"

"በቅሎ ሊገዛ ነው?"

"አይ፣ ሊያስጭን ነው።"

"ታዲያ ጨረታ ምን ያደርጋል? ቢጠራን አንመጣም?"

"ካልተወዳደርክ ማን ይጠራሃል?"

ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳችው። ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። የማኪናውን ለባለማኪኖች ትተው ዳገቱን ብቻ መያዝ ይችላሉ። ብቻውን ግን አይሆንም። ባለበቅሎዎቹ ማኅበር ይሁኑ፣ ንግድ ፈቃድና የግብር ቁጥር ያውጡ። ለጨረታ የሚያስይዙት ገንዘብ ባይኖራቸውም፣ ያደራጃቸው ቢሮ ደብዳቤ ከጻፈላቸው ይበቃል። አያ ሰውአገኝ ሦስት ሳምንት ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። ወንበር ላይ ሆኖ ሲጠብቅም እያለመ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ስሙ ተጠርቶ አለፈው።

ቅጹ ላይ "የተሽከርካሪው ሰሌዳ ቁጥር" የሚል ቦታ አለ።

"ባዶ ከተውከው ይጥሉሃል" አለችው ጽጌሬዳ።

አያ ሰውአገኝ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሯል፤ ጽሕፈቱ ዝግ ያለ ነው። ብዙ አሰበና ሃያውንም በቅሎዎች በስማቸው ጻፋቸው፤ ዳማ፣ ቦራ፣ አሻግሬ፣ እመይቴ እያለ። ከታች ደግሞ "ሥራው በስንት ቀን ያልቃል?" ይላል። ስንዴው መቶ ሃያ ኩንታል ነው። አንዷ በቅሎ በቀን አንድ ኩንታል አድርሳ ትመለሳለች። "ስድስት ቀን" ብሎ ጻፈ። ማንም የደጋ ሰው ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚጽፈው።

ጨረታው ጎንደር ሲከፈት፣ የግዥ ኃላፊዋ ወይዘሮ ኤሌኒ የሁሉንም ጮክ ብላ አነበበች። የበቅሎዎቹ ስም ላይ ስትደርስ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

"እመይቴ ሊብሬ አላት?" አለ አንድ ባለማኪና።

አያ ሰውአገኝ አንገቱን ደፍቶ፣ "ሊብሬስ የላትም፤ ናፍጣም አትጠጣ" አለ።

ሳቁ ባሰ። ወይዘሮ ኤሌኒ ግን ሳትስቅ መዘገበችው። ባለማኪናው ለዳገቱም ተወዳድሮ ነበር፤ ሰነዱ ግን "መንገዱ ከተጠገነ በኋላ" ነው የሚለው።

ማኅበሩ አሸነፈ። ኅዳር አሥራ ስድስት ቀን አያ ሰውአገኝ ሊፈርም ገባ። ውሉን በጣቱ እየተከተለ አነበበና የማለቂያው ቀን ላይ ቆመ።

"እሜቴ፣ ይቺ ሃያ አምስት ልክ አይደለችም።"

"ከሃያ ጀምሮ ስድስት ቀን ብለዋል እኮ። ይቁጠሩት።"

ቆጠረ። "ሃያ፣ አንድ። ሃያ አንድ ጽዮን ማርያም ናት፣ አትገባም። ሃያ ሁለት፣ ሁለት። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ነው። ሃያ አራት፣ ሦስት። ሃያ አምስት እሑድ ነው። ሃያ ስድስት፣ አራት። ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም። ሃያ ስምንት፣ አምስት። ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ። ሠላሳ፣ ስድስት።" ቀና አለ። "ስድስት ቀን ማለት ሠላሳ ነው።"

ወይዘሮ ኤሌኒ ልትስቅ ነበር፣ ፊቱን ስታይ ተወችው።

"አያ ሰውአገኝ፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ። ውሉ ግን ፀሐይ የወጣችበትን ቀን ሁሉ ይቆጥራል።"

"እንግዲያ አሥራ አንድ ብለን እናርመው።"

"ጨረታው ከተከፈተ በኋላ ዋጋም ቀንም አይነካም። የእርስዎን ካረምኩ ሌላው ሰው ምን በደለ? አንድ ቀን ካሳለፋችሁ ውሉ ይፈርሳል፣ ማኅበሩም ከጨረታ ይታገዳል። ካልፈረሙ ደግሞ ለሁለተኛው መስጠቴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስቡበት።"

ሁለተኛው ማለት መንገዱ እስኪጠገን የሚጠብቀው ባለማኪና ነው።

አያ ሰውአገኝ ቁልቁል ወደ ቀሐ ወንዝ ወረደና ከዛፍ ሥር ተቀመጠ። ውኃው ቀስ እያለ ይሄዳል። ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ ሃያው በቅሎዎች እንደተጫኑ መንገድ መሀል ቆመው ታዩት። ከላይ ታየች ትጣራለች፣ ድምጿ አይሰማም። ከታች ደወል ይደወላል። በበዓል ቀን የሠራ ሰው በአገሩ ላይ በረዶ ያወርዳል ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው። በረዶ በመታው አገር ላይ ሌላ በረዶ ልጨምርበት? አለ በልቡ። ዝም ልበልና ይራቡ? ስልኩን አውጥቶ በላቸው ጋ ደወለ።

"ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ አጠገብህ አሉ?"

"አሉ፣ በቅሎዬን እያሙ ነው።"

"ስጠኝ እስቲ።" የደብራቸው ቄስ ስልኩን ተቀበሉ። "አባ፣ በማርያም ቀን መጫን ይቻላል?"

"ምን ልትጭን?" አሉ ቄሱ።

"ለጭላ አምባ ስንዴ።"

"ለተራበ ማድረስ ማን ከለከለ? ጌታ በሰንበት ፈውሶ የለም?"

"ይከፈለናል እኮ፣ አባ።"

"እሱማ ሥራ ሆነ።"

"ካልተከፈለንስ?"

"ካልተከፈላችሁማ የእኔንም በቅሎ ይዤ እመጣለሁ።"

በላቸው ስልኩን ነጠቃቸው። "አያ! ዛሬ ደግሞ የት ባሕር ላይ ነህ? በነፃ ነው የምትለው?"

"ሦስቱ ቀን ለእኛ፣ ሦስቱ ለእግዜር።"

"ሦስቱማ ግማሹ ነው!"

"ግማሹ ነው።"

"ለእህትህ ብለህ ነው?"

"ለእሷም ነው። በረዶውንም ፈርቼ ነው።"

በላቸው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። "ቆይ፣ ሰዎቹን ልጠይቅ" ብሎ ዘጋ። ሲደውል ስምንት ሰዓት አልፏል። "አሥራ ስድስቱ እሺ ብለዋል። አራቱ ዝም አሉ፤ እኔም እሺ ነው ብዬ ቆጠርኩት።"

ወይዘሮ ኤሌኒ ግን በነፃ የሚለውን አልተቀበለችም። "መንግሥት በውሉ ያለውን ይከፍላል፣ ያንን መቀነስም መጨመርም አልችልም። ገንዘቡ እጃችሁ ከገባ በኋላ ግን ማኅበሩ ያዘዘበት ነው።"

አያ ሰውአገኝ ብዙ አላሰበም። "እንግዲያው የሦስቱን ቀን ገንዘብ ለጭላ አምባ የገብስ ዘር እንገዛበታለን" አለና ፈረመ።

ኅዳር ሃያ ጀመሩ። በማግስቱ ጽዮን ማርያም ነበረች። ሰዎቹ ሌሊት ቅዳሴ ቆመው፣ የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ ጫኑ። ጉሙ ዳገቱን ሸፍኖት ስለነበር ከፊት ያለችው በቅሎ ለኋለኛው አትታይም። ነጭ ነጠላ ብቻ ከጉም ወጥቶ ጉም ውስጥ ይገባል። አያ ሰውአገኝ ያንን ሲያይ ሕልምና ውን ተቀላቀለበት። ታቦት የሚሸኙ እንጂ ጭነት የሚነዱ አይመስሉም። በላቸው እንኳ ቀልዱን ትቶ ነበር። ከፊት ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ የራሳቸውን በቅሎ እየሳቡ በለሆሳስ ያዜማሉ።

ሃያ አምስት እሑድ፣ መጨረሻው ጭነት ላይ ጉሙ በረታ። እመይቴ መንገድ መሀል ቆማ አልሄድም አለች። ቢለምኗትም ቢገፏትም ንቅንቅ የለም። ሌሎቹም ከኋላዋ ተገተሩ። ቀኑ እየመሸ ነው።

"አለቀልን" አለ በላቸው። "ውሉ በእመይቴ ፈረሰ።"

ያኔ ከላይ የሰው ድምፅ ተሰማ። የጭላ አምባ ሰዎች ከሰንበቴ ተነሥተው ሊቀበሏቸው እየወረዱ ነው። ታየች ከፊት ነበረች፤ ከስታ ነጠላዋ ውስጥ ጠፍታለች።

"ሰውአገኝ! ምነው ቆማችሁ?"

"በቅሎዋን ጠይቂያት።"

ታየች ልጓሟን ይዛ ጆሮዋን አሸት አሸት አደረገቻት። እመይቴ ተንፍሳ መንገድ ጀመረች። ከኋላ የደከሙትን በቅሎዎች ጭነት ሰዎቹ ለሁለት ለሁለት እየሆኑ ተሸከሙ። ፀሐይ ስትጠልቅ የመጋዘን ጠባቂው መቶ ሃያኛውን ኩንታል ተረክቦ ደረሰኙ ላይ ቀኑን ጻፈ፤ ኅዳር ሃያ አምስት።

ገንዘቡ ጥር ላይ ገባ። በግማሹ ደባርቅ ገበያ ሸጋ ሸጋ የዘር ገብስ ገዙና አንድ ሰኞ ጫኑት። ሰማዩ ጥርት ብሎ የሩቁ ተራራ ሁሉ ይታያል።

"አያ፣ ዛሬ ይከፈለናል?" አለ በላቸው።

"የለም።"

"በዓል ነው?"

"በዓልም አይደለም።"

"ታዲያ ዛሬ ምን ቀን ነው?"

አያ ሰውአገኝ ታች ሸለቆው ውስጥ የቀረችውን ትንሽ ደመና እያየ፣ በቅሎዎቹን በላይዋ ያሻግር ነበር።