ከመልሱ በፊት የረገጥኩት ደጅ

ሰርጉ አልፎ ድንኳኑ በተነቀለ ማግስት የልጄን ትራስ ላራግፍ ሳነሳው ኪኒኗ ከሥሩ ወደቀ። በገዛ እጄ ሻንጣዋ ውስጥ የከተትኩት ነው።

ልጄ ልቧ ደክሟል። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ስትታመም ኖራ፣ ሕመሙ ልቧ ላይ ወረደ አሉን። አንድ ጊዜ ከሚሴ ገበያ መሀል ተዝለፍልፋ ብትወድቅ ነው ይህን ኪኒን ያዘዙላት። ሐኪሙ እኔን እያየ፣ «እናት፣ ተሻለኝ ብላ እንዳትተወው። እንዲህ የደከመ ልብ ድንገት ምቱ ይዘበራረቅና ቀጥ ይላል፤ ለመጮህም ጊዜ አይሰጥም» አለኝ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈም፤ ይህችን ለመያዝ ግን ደብተር አላስፈለገኝም።

የአባቷ እህት ምንጣፍ እያጠፈች ነበር።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። «አማቷ ብታየው በሽተኛ ሰጡን ትላለች። መልስ እስኪጠራ ተይው ስላት እሺ አለች፤ ምን ትሆናለች? ፊቷ እንዴት እንዳማረ አላየሽም?»

«ያማረው በኪኒኑ ነዋ።»

«ደግሞ ሐኪም ሆንሽልን።»

ደወልኩ። የልጄ ስልክ ዝግ ነው፤ ሙሽራ ስልክ አትነካም ብለዋል። ባሏም አያነሳም። በእኛ ዘንድ ደግሞ መልስ ሳይጠራ የሙሽራ እናት የአማች ደጅ አትረግጥም። ቢሆንም ባጃጅ ጠርቼ ወደ አማቾቿ አገር፣ ወደ ጨፋ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ እረግማለሁ፤ የአባቷን እህት፣ ደንቡን፣ እሺ ብላ ትታው የሄደችውን ልጄንም። ከዚያ ደግሞ ያ አላህ፣ በሕይወት አድርሰኝ እላለሁ።

አማቷ በር ላይ አየችኝ።

«ማል ተኤ? ምን ሆነ? ሰው ሞተ?»

«እንዳይሞት ነው የመጣሁት።»

ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ።

«ታዲያ ለምን ደበቃችሁኝ?»

«ብነግርሽ ትወስጃት ነበር?»

ሙሽራው ልጇ ከኋላዋ ቆሟል። እሱ ያውቃል፤ ልጄ ከኒካው በፊት ነግራዋለች። «ምን ትገተራለህ፣ ውሃ አምጣ እንጂ» አልኩት። አመጣ። መሬት መሬት እያየ፣ «ነገ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ» አለ።

ልጄ ተከናንባ ወጣች።

«እማ፣ ደህና ነኝ እኮ። ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ቀብርሽ ላይም ይላል።»

ኪኒኑን ሰጠኋት፤ ዋጠችው። እንደ ሕፃንነቷ «አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። በሰው ፊት፣ በጫጉላዋ፣ ከፈተች። ምላሷንም አነሳች።

ወደ አማቷ ዞርኩ።

«አየሽ አይደል? ከነገ ጀምሮ የምታስከፍቻት አንቺ ነሽ።»