አንገት የማያስዞር ፕሮግራም

ልብስ ሰፊዋ ቴሌቪዥን የምታየው በጀርባዋ ነው። ጠባቧ ሱቅ ብርሃን የምታገኘው በመስኮቷ ብቻ ስለሆነ የስፌት መኪናዋ መስኮት ሥር ተተክላለች፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ከኋላዋ፣ ከጨርቅ መደርደሪያው አናት ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስትሰፋ አንድ ሚዛን አበጀች፦ መኪናዋን አስቁሞ አንገቷን ያስዞራት ፕሮግራም ይታያል፤ ያላስዞራት ይዘለላል።

አብዛኛው አያስዞራትም። ተከታታይ ድራማው ላይ ሰውዬው «ሄጃለሁ» ይላል፣ በሩ ሲጥ ይላል፣ ሚስቱ «ሄደ!» ብላ ታለቅሳለች፤ ጎረቤት ደግሞ ገብታ «ሄደ እንዴ?» ትላለች። ለዚህ ዓይን ማባከን ምን ይሉታል? የውይይት መድረክ የተባለውማ ከረባት ያሰሩ አራት ሰዎች «ትክክል ብለሃል» የሚባባሉበት ነው፤ እነሱ ተባብለው እስኪጨርሱ እሷ ሁለት ሱሪ ታሳጥራለች።

ይህን ፍርዷን ጋዜጠኛ ታናሽ ወንድሟ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እየደወለ ይለቅማል። «ዛሬ ማታ ምን እንይ፣ ምን እንዝለል» የሚል ዓምድ አለው። እሷ የዛሬውን በትናንቱ ትፈርዳለች፤ ቴሌቪዥን ከትናንቱ ተምሮ ስለማያውቅ ተሳስታ አታውቅም። እሱ ራሱ ምንም አያይም። ስለ ቴሌቪዥን ሲያወራ ስለሚውል ለማየት ጊዜ የለውም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ዓምዱ በእሱ ስምና ፎቶ ወጣ። እሷ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ «ይህ የእህቴ ፍርድ ነው» እንዲል። «እሺ እታለም፣ ቦታ ሲኖር» ይላታል። ቦታ ግን ለሳሙና ማስታወቂያ እንጂ ለእህት ተገኝቶ አያውቅም።

ዛሬ ሲደውል ድምፁ ሌላ ነበር።

«እታለም፣ ዓምዱን ፕሮግራም አደረጉት! ማታ አንድ ሰዓት ላይ እኔው ራሴ እቀርባለሁ።»

«እኔንስ ታነሳኛለህ?»

«ምን ነካሽ! ቦታ የጠፋው ጋዜጣው ላይ ነው፤ እዚህ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አለኝ። ብቻ ዛሬ እንኳ ዞር ብለሽ እዪኝ።»

«ካስዞርከኝ እዞራለሁ።»

አንድ ሰዓት ላይ ደንበኛዋ አስተማሪ አዲሱን ቀሚስ ለብሳ፣ አንድ እጅጌ ጎድሎባት መሐል ሱቅ ቆማ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የጎደለውን እየሰፋች ነው።

«ውይ፣ መጣ!» አለች አስተማሪዋ። «የዓምዱ ሰውዬ! ዓይን አለው እኮ።»

«ዓይን እንኳ…» ብላ ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ሙዚቃ፣ ጭብጨባ፤ ከዚያ ተወልውሎ የወጣ የወንድሟ ድምፅ።

«ብዙ ተመልካቾች ምስጢርህ ምንድን ነው ይሉኛል…»

ፔዳሉ ላይ ያለው እግሯ ላላ። መኪናዋ ቀስ፣ ቀስ አለችና ቆመች። አንገቷ ሊዞር አንድ ስንዝር ቀረው።

«ምስጢሩ ቀላል ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ማታ ዓይኔን ከስክሪኑ ላይ አንስቼ አላውቅም!»

ፔዳሉን እንደ በረሮ ረገጠችው። መኪናዋ ተንጣጣች።

«ኧረ ዞር በይና እዪው! ሱፉ እንዴት ያምርበታል!»

«አውቀዋለሁ፤ ያጠበብኩት እኔ ነኝ። ምነው ብብቱ ሥር አንድ መርፌ በረሳሁለት ኖሮ!»

ፕሮግራሙ ሲያልቅ እጅጌውም አለቀ። ስልኩ ጮኸ።

«እታለም! እንዴት ነበርኩ?»

«እጅጌ ሰፋሁ፣ ተኮስኩት፣ ሦስት ቁልፍ ተከልኩበት።»

ወንድሟ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲገለብጠው የኖረው ፍርድ ነው፤ ትርጉሙ አይጠፋውም።

«ሰዓቱ አጥሮኝ እኮ ነው…»

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ አለኝ ያልከው አንተው አይደለህ?»

«ነገ አነሳሻለሁ፤ በእናታችን! አሁን ግን ለነገው ምን ልበል? ምን ይታይ፣ ምን ይዘለል?»

«የሚታየውን እንጃልህ። ዓይንህን የማታነሳው አንተ፣ ራስህ እየው። የሚዘለለውን ግን ጻፍ፤ አንድ ሰዓት ላይ የሚቀርበውን።»

ስልኩን ዘጋችና አፏን ከፍታ ወደቆመችው አስተማሪ ዞረች።

«አንቺ ደግሞ ክንድሽን አንሺ፤ እጅጌሽ ደርሷል።»