ማንም ያላዘዘው እራት

"እትዬ ቅናሽ" ያላት ሰፈሩ ነው። እኔ እትዬ ብቻ ነበር የምላት። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በሆስፒታሉ ኩሽና ደግሞ እሷ አብሳይ፣ እኔ ሳህን አጣቢ ነበርን። ጡረታ ወጥተን፣ ፀጉሬ ጥጥ መስሎ እንኳ "አንቺ ልጅ" ነበር የምትለኝ።

ቅናሽ የተባለችው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ካለው የቅናሽ መደብር በቀር ሌላ ቦታ ስለማትገዛ ነው። እዚያ የሚሸጠው የተጨረመተ ቆርቆሮ፣ ወረቀቱ የተላጠ ዕቃ፣ ቀኑ ሊያልፍ አንድ ሁለት ቀን የቀረው ነገር ነው። ሰው በስስት ያማት ነበር። ጡረታዋ ግን ከብዙዎቻችን ይሻል ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ መደብር ሰው አይመርጥም፤ የተገኘውን ያነሣል። እሷም ቤቷ የመጣን ሰው "ምን ልሥራልህ?" ብላ ጠይቃ አታውቅም። እንግዳ "ዛሬስ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር" ብሎ ከጀመረ፣ ወሬውን ሳይጨርስ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ይኼ ልማዷ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ጨው ይከለከላል፣ ቅባት ይከለከላል። ሐኪሞቹ ተስፋ የቆረጡ ለት ግን ነርሷ በትንሽ ወረቀት የአልጋውን ቁጥር ጽፋ "ያማረውን ይብላ" ብላ ትልካለች። ከሥሩ ሰውየው የጠየቀው ምግብ አለ። ስም የለም። እትዬ ያን ወረቀት ስታይ እጇን እንደገና ታጥባ፣ ከሌላው ሁሉ አስበልጣ ትሠራለች። በማግስቱ አልጋው ባዶ ይሆናል። ሃያ ጊዜ ይሁን ሠላሳ ጊዜ፣ እንጃ፣ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

አንድ ቀን "አሥራ አንድ ቁጥር፤ የድንች ሾርባ በወተት፣ ከላዩ ሽንኩርት ተጠብሶ" የሚል መጣ። ሠርታ ላከች። ሰውየው በዚያው ሌሊት ሞተ። ባሏ ነበር። ከስድስት ወር በፊት በጠብ ተለያይተው፣ የመንገድ ሥራ ብሎ ሩቅ አገር ሄዶ፣ ጉበቱ አልቆ ያን ዕለት ነው ከአውቶቡስ አውርደው ያስተኙት። የሰማችው ሬሳው ከወጣ በኋላ ነው። ልጃቸው ሦስት ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለሠራተኞች ወደሚበስልበት ምድጃ አዛውሩኝ ብላ ለመነች፤ አዛወሯት። "የጠየቀኝን የሰጠሁት ሁሉ ይሞታል" አለችኝ አንዴ። ሁለተኛ አላነሣችውም።

ልጅቱ አደገች፣ አገባች፣ ቆይታም ቢሆን አረገዘች። በኦፕራሲዮን ነው የምትወልደው ተባለና ቀን ተቆረጠላት። በዋዜማው ጠዋት ደወለች፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።

"እማዬ፣ ባሌ ሥራ ላይ ነው፣ ዛሬ እራት አንቺ ጋ ነኝ። ምን እንዳማረኝ ታውቂያለሽ?"

"አትንገሪኝ! መደብሩ ያለውን እንበላለን።" ዘጋችው።

አብረን ወረድን። ባለመደብሩ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር ላይ የሚደርስ ሰው ነበር።

"እትዬ፣ እኔንስ መቼ ነው በቅናሽ የምትወስጂኝ?"

"ቀንህ አልፏል። ያለፈበት ዕቃ አልገዛም።"

"ተጨረመትኩ እንጂ አላለፈብኝም!"

ጥግ ጥጉን የተጨረመተ የቲማቲም ድልህ፣ ሁለት ቆርቆሮ ሰርዲን፣ ስብርባሪ ፓስታ፣ የጠወለገ ካሮት፣ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ያደረ ዳቦ፣ የጠቆረ ሙዝ፣ የተፈረፈረ ብስኩት አነሣች። ለሙዙና ለብስኩቱ ቀኑ ነገ የሚያልፍ ወተት ጨመረች። ድንች ደግሞ በቅሎ በቅሎ በነጻ በሚባል ዋጋ ተቆልሏል፤ እሱንም ወሰደች። ዘንቢሏ ውስጥ ድንቹን ከወተቱ ጎን ካስቀመጠች በኋላ ቆም አለች። ድንቹን መልሳ አወጣችና "አንቺ ልጅ፣ ይኼን አንቺ ያዢልኝ" አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ከሰዓት በኋላ ያን ኮተት ሙሉ እራት አደረገችው። እጅ ነው! ድልሁን በነጭ ሽንኩርት አቁላልታ ሰርዲኑን ፈልቅቃ ጨመረችበት፤ ፓስታው ስብርባሪ መሆኑ እንኳ አይታወቅም። ጎመንና ካሮቱን በራሱ እንፋሎት አበሰለችው። ዳቦውን ቆራርጣ በዘይት ጠበሰችው። ሙዙን ከብስኩቱ ጋር ደርድራ ትንሽ ወተት አፈሰሰችበትና በቀስታ እሳት ላይ ጣደችው። እኔ ባለማወቅ፣ ወይም አውቄ፣ እንጃ፣ ድንቹን ጠረጴዛው ላይ ከተረፈው ወተት ጎን አስቀምጬዋለሁ።

ልጅቱ አመሻሹ ላይ ሆዷን አስቀድማ ገባች። ክዳኑን ሁሉ ከፍታ አሸተተች። ከዚያ ጠረጴዛውን አየች።

"ስደውል ልነግርሽ የነበረው ይኼን ነው እኮ፣ እማዬ! የድንች ሾርባ በወተት። ሳምንት ሙሉ ሌላ ምግብ አይታየኝም።"

እትዬ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። "ተቀመጪ፣ ፓስታው ይቀዘቅዛል።"

"ትንሽ ብቻ ሥሪልኝ።"

"አይሆንም አልኩሽ!"

"ለልደቴ ኬክ ስልሽ ብስኩት። ታምሜ ብርቱካን ስልሽ ሙዝ። ሠላሳ ዓመት ባንቺ ቤት እንደ እንግዳ ነው የበላሁት። ነገ ሆዴን ሊቀዱኝ ነው። አንድ ቀን እንኳ ምን ያምርሻል አትይኝም?"

"ነገ ስላለብሽ ነው እምቢ ያልኩሽ!" ብላ ጮኸችባት። ጩኸቷ ራሷን ያስደነገጣት መሰለኝ፤ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፣ ወረቀቱን፣ አሥራ አንድ ቁጥርን። "አባትሽ የጠየቀውን ሠርቼ ላክሁለት። በልቶ ሞተ።"

"አልበላውም" አልኩ እኔ።

አፌ ነው ያለው፤ እኔ አላዘዝኩትም።

"ምን አልሽ አንቺ ልጅ?"

"አልበላውም፣ እትዬ። ሳህኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሙሉውን ነው የተመለሰው፤ ወተቱ ከላዩ ስልባቦት ይዞ። ማንኪያው ንጹሕ ነበር። ነርሷን ጠየቅኋት። ጭኑ ላይ አድርጎት በሩን በሩን ሲያይ አመሸ አለችኝ። 'ይኼን ስትሠራ እኔ መሆኔን ታውቃለች፤ አሁን ትመጣለች' ይል ነበር። በስምሽ ሊያስጠራሽ አፍሮ ይሆናል።"

ያን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም እንዳልኩ እንዳትጠይቁኝ። በልቶ ሞተ ከማለት ጠብቆሽ ሞተ ማለት የሚከብድ መስሎኝ ነበር። ዛሬም የቱ እንደሚከብድ አላውቅም።

ከምድጃው ላይ ሙዙ ይንተከተካል። እትዬ ቀስ ብላ አንገቷን ወደ በሩ አዞረች፤ እዚያ ሰው የቆመ ይመስል አየችው። እኔም ዞሬ አየሁ፣ እግዚኦ፣ ምንም አልነበረም።

"ታዲያ ምግቡ ምን አጠፋ?" አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሰውየው እየጠራሽ ነበር። እኔም ስጠራሽ ነው የኖርኩት፣ እማዬ።"

እትዬ ተነሣች። እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች። የድንቹን ቡቃያ በቢላዋ ጫፍ እየነቀሰች አወጣች፣ ልጣ ቀቀለችው፣ ግማሹን በማንኪያ ጀርባ ደፈጠጠችው፣ ወተቱን እንዳይቋጥር በጥቂት በጥቂቱ አንጠባጠበች። ሽንኩርቱን ስትከትፍ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ሆነ፤ ጠብሳ ከላዩ ነሰነሰችው። ሳህኑን አቀረበችና ከልጇ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች።

"እስክትጨርሺ ከዚህ አልነሣም።"

ልጅቱ እያለቀሰች በላች። "ጨው አንሶታል" አለች።

"የሆስፒታል እጅ ነዋ!" አልኩ፤ ሦስታችንም ሳቅን፣ እትዬም። ያ ሁሉ ፓስታና ጎመን ሳይነካ አደረ።

ሲነጋ ሆስፒታሉ ገባን። ያው ነው፣ ቀለሙ ነው የተቀየረው። ልጅቱን በተሽከርካሪ አልጋ ሲገፏት እትዬ ከጎኗ እየተሯሯጠች፣ "ስትወጪ ምን ልሥራልሽ? ንገሪኝ፣ ምን ያምርሻል?" ትላለች። በሩ ሊዘጋ ሲል ልጅቱ ቀና አለች።

"አሁንማ ተራው ያንቺ ነው! አንቺ የሚያምርሽን ሥሪ፣ አብረን እንበላለን።"

በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥን። ወደ እኔ ዞራ፣

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ምን ነበር የምወደው?" አለችኝ።

ሃያ ስምንት ዓመት አብሬያት ሠርቼ ይኼን አላውቅም።

ሐኪሙ ጭንብሉን አውርዶ ብቅ አለ። "እናትም ልጅም ደኅና ናቸው" ሲል እኔ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ። እትዬ ሰምታዋለች፣ ምስጋናም በከንፈሯ አድርሳለች። ግን ከሐሳቧ አልወጣችም። የምግብ ስም እያነሣች ትጥላለች።

"እንቁላል በቅቤ… አይ፣ እሱ የሦስት ቁጥር ነው። የተጠበሰ ዓሣ… የሃያ ቁጥሯ ሴትዮ። ሩዝ በስኳር… ያ ትንሹ ልጅ፣ መስኮቱ ጋ የነበረው።" እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። "ኧረ አንቺ ልጅ፣ ማንም ያልጠየቀኝ አንድ ምግብ ይጥፋ?"