መዝገቡ የሚያውቀው ጣቴን ነው

ነገሩ ከሆነ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ሁዳዴ ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው ነበር። ረስቼው ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ተደገመና እንደገና አንገበገበኝ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው፤ ማንም አልጻፈልኝም። ፊደል የለየሁት በአርባ ሦስት ዓመቴ ስለሆነ መስመሩ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

ደብረ ታቦር ውስጥ በሰው ወፍጮ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጭቻለሁ። ፊደል ያስቆጠረኝም ወፍጮው ነው። ሰው ጆንያው ላይ ስሙን ጽፎ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ የምለየው በቋጠሮው ነበር። አንድ ቀን የሠርግ ቤቱን በርበሬ ለተዝካር ቤት፣ የተዝካሩን ሽሮ ለሠርግ ቤት ሰጠሁ። ሁለቱም ወገን መጥቶ በሰው ፊት «ደንቆሮ» አለኝ። ውሸት አላሉም። በማግስቱ ቀበሌ አዳራሽ ሄጄ ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። ሁለት ዓመት ተማርኩ። ስሜን መጻፍ ስችል ለራሴ ፊርማ አበጀሁ፤ መጨረሻዋ እንደ ማጭድ የታጠፈች። እንደሷ የኮራሁበት ነገር የለኝም።

ከዚያ የራሴን ወፍጮ ገዛሁ። አሮጌ ነው፤ ግን ይፈጫል። ከቤቴ ጎን የቆርቆሮ ክፍል ሠርቼ ተከልኩት፤ የቅጥር ሥራዬንም ለቀቅኩ። ቆጣሪ የሚያስገቡት ሰዎች «ያለ ንግድ ፈቃድ ለወፍጮ የሚሆን መስመር አንቀጥልም» አሉኝ። የጾሙ ሽሮና በርበሬ የሚፈጨው ሁዳዴ ሳይገባ ነው። ያ ወቅት ካመለጠኝ ያን ዓመት ቤቴ ምን እንደሚበላ አላውቅም ነበር።

ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ ሄድኩ። መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የግብር ቁጥር፣ ሁሉን ይዣለሁ። ማመልከቻውን ራሴ ሞላሁና ፈረምኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ፊርማዬን አየ፣ መታወቂያዬን አየ፣ ካርታውን አየ።

«አባባ፣ ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ።»

«እዚህ ሁሉ ላይ ግን አሻራ ነው ያለው።»

«ያኔ ፊደል አላውቅም ነበር። አሁን አወቅኩ።»

«መዝገቡ አያውቅማ» አለኝ ልጁ። እየቀለደ አልነበረም። መታወቂያዬን እንድቀይር ነገረኝ። ቀበሌ ስሄድ የመታወቂያ ካርድ አልቋል፤ መቼ እንደሚመጣም የሚያውቅ የለም። በምትኩ «ሦስት ምስክር አምጣና ያው ሰው መሆንህን ደብዳቤ እንጽፍልሃለን» አሉኝ።

ሦስት ጎረቤቶቼን ይዤ ሄድኩ። ሦስቱም ከኔ የሚበልጡ አዛውንት ናቸው። ሦስቱም ፊደል አይለዩም። እኔ መጻፍ እንደምችል በአውራ ጣታቸው መሰከሩልኝ። አንደኛው አያ ደሴ ጣቱን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ «በል እንግዲህ፣ ሦስት ደንቆሮ አንድ ሊቅ ወለደ» ብሎ አሳቀን። እኔም ስቄያለሁ። ያን ወር የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ፈቃድ ቢሮ ስወስድ ልጁ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይሄ ያው ሰው መሆንዎን ነው የሚለው። አሻራው በፊርማ ይተካ አይልም» አለኝ። ቀበሌ ተመለስኩ። «እሱን እኛ አንጽፍም፣ ያስተማረህ ይጻፍልህ» አሉኝ። ያስተማሩኝ ጋ ብሄድ የዚያን ጊዜው መዝገብ በክረምት ዝናብ በስብሷል። ጫማዬ አለቀ። ሁዳዴ ሊገባ አሥራ ሁለት ቀን ቀረው።

በመጨረሻ ልጁ ራሱ ያዘነልኝ መሰለኝ። የቀለሙን ሰሌዳ ወደ መስኮቱ ገፋ አድርጎ «አባባ፣ ለምን ይለፋሉ? አሻራዎን ቢያደርጉ ዛሬውኑ ያልቃል» አለኝ።

«አላደርግም» ብዬው ወጣሁ።

ባለቤቴ ዝማም ስነግራት ወፍጮው ላይ የተጣለውን ሸራ እያየች «ጣትህ ምን ሆነች? ተቆረጠች?» አለችኝ። «ልጆቹ ፊርማ አይበሉም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ሄጄ አሻራዬን አደረግኩ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ጣቴን በወረቀት ስጠርግ ከኋላዬ የተሰለፈች ሴት ክንዴን ነካችኝ። ዘይነባ ትባላለች፤ ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥ ናት። ከዚያ ቀን በፊት አላውቃትም።

«ወንድሜ፣ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ቸኩሏል። የሚያነብልኝ ታውቃለህ?»

«ስጪኝ» አልኳት። ግድግዳ ተደግፌ ቅጿን አነበብኩላት፤ የምትለኝንም ሞላሁላት። ስትጨርስ ጣቷን ነከረች። ከዚያ ያን ሰማያዊ ጣቴን ትክ ብላ አየችው።

«አንተ ግን ይህን ሁሉ እያወቅህ ምነው እንደኔ በጣትህ?»

«መዝገቡ ነው» አልኳት። አልገባትም፤ እኔም አልገባኝም። «እንግዲያስ ለመዝገቡም ልብ ይስጠው» ብላ መርቃኝ ሄደች።

ፈቃዱ በዚያው ቀን ወጣ። መስመሩም ተቀጠለ። ሁዳዴ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ወፍጮው ተነሣ። እስካሁን እየፈጨ ነው። ዘይነባም በርበሬዋን እኔ ጋ ታስፈጫለች። ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ሲለኝ «አሜን» እላለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለእድሳት ሄድኩ። በየዓመቱ ሳይጠይቀኝ የቀለሙን ሰሌዳ ይገፋልኝ የነበረው ያ ልጅ ተቀይሯል። በሱ ቦታ አንዲት ለጋ ልጅ ተቀምጣለች፤ ትሑት ናት፣ ሥርዓት ያላት። ቅጹን አዘጋጀችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ መፈረም ይችላሉ?»

አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። «አዎ» ልላት አፌ ላይ መጣ። ግን ያ መንገድ ሁሉ ታየኝ፤ ቀበሌው፣ ደብዳቤው፣ ምስክሮቹ። አያ ደሴ ሞቷል። ወፍጮውንም አጥፍቼ ነው የመጣሁት፤ በር ላይ ሰው ይጠብቀኛል።

«አልችልም፣ ልጄ» አልኳት።

ከወንበሯ ተነሥታ እጄን ያዘች። አውራ ጣቴን ቀለሙ ውስጥ ራሷ ነክራ ወረቀቱ ላይ ቀስ አድርጋ አተመችው። «አይዞዎት» አለችኝ።

የዚያኛው ልጅ ክርክር አናዶኝ ነበር፤ ንዴት ደግሞ ይወጣል። የዚህችኛዋ «አይዞዎት» ግን አልወጣልኝም። መጻፍ የማልችል ነኝ ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ወፍጮ ቤት ስደርስ ሴቶቹ ጆንያቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ስም ያልተጻፈበት ጆንያ አልቀበልም፤ የማይጽፉትን እኔ ነኝ የምጽፍላቸው። ያን ቀን የስድስት ሰው ስም ጻፍኩ። ጣቴ ገና አልደረቀምና በስድስቱም ላይ ሰማያዊው ተለቀለቀ።